ሲመሽ የሚያውቀን ሰው

ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር በግቢ ቁጥር ዘጠኝ በር ላይ ሰልፍ ይያዛል። የባንክ ሥራ አስኪያጁ፣ የአጥንት ሐኪሟ፣ ጡረታ የወጡት አምባሳደር፣ ሁሉም በየተራቸው ወደ ቆርቆሮዋ የዘበኛ ቤት ጠጋ ብለው ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። እንዴት ዋሉ፣ ወገብዎን ተሻለዎት፣ እናትዎ እንዴት ናቸው፣ ዝናቡስ አላስቸገረዎትም? ክቡር ጥበቃ ዳምጠው ካፖርታቸውን ደርበው በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ ለእያንዳንዱ "ይመስገን" ይላሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ባለጉዳዩን ያዩትና "አውቀዋለሁ" ይላሉ። ሰውየውም ቤቱ ይገባል፣ እራቱን ይበላል፣ ከሚስቱ ጋር ይተኛል፣ ሲነጋም ያው ሰውዬ ሆኖ ይነሳል።

"አላውቀውም" የተባለ ሰው ግን ከአጥሩ ውጭ ይቀራል። ይግባኝ የለውም፤ ቢኖረውም ይግባኝ የሚለው ለዚያው ዘበኛ ነው።

አባቶቻችን ዘበኛ የሚቀጥሩት በር እንዲከፍትላቸው ነበር አሉ። ክላክስ ሲሰማ ከእንቅልፉ ባንኖ፣ ጋቢውን እየጎተተ የሚሮጥ ምስኪን ነበር አሉ። ይህ የሆነው ፊት መቅዳት፣ ድምፅ መቅዳት፣ አሻራ መቅዳት የልጅ ጨዋታ ከመሆኑ በፊት ነው። አንድ ሰሞን የአንድ ሚኒስትር ፊት የያዙ ሰዎች በየመሥሪያ ቤቱ እየገቡ ሲፈርሙ ከረሙ። እውነተኛው ሚኒስትር የቱ እንደሆነ ካሜራም፣ መታወቂያም፣ የገዛ ልጆቻቸውም መለየት አቃታቸው። የለዩት የቤታቸው ዘበኛ ብቻ ነበሩ። ፓርላማው በዚህ ተደንቆ ብዙ አጨበጨበና የሌሊት ጥበቃ ሥልጣንና ተግባር አዋጅን አወጣ። አዋጁ ወፍራም ነው፤ ሐሳቡ ግን አጭር ነው። ከመሸ በኋላ ሰው ማለት ዘበኛው የሚያውቀው ሰው ነው።

ሌላው ሁሉ ከዚህች ዓረፍተ ነገር ተመዘዘ። ዘበኛ ይይዛል፣ ይፈትሻል፣ ባልና ሚስት ያስታርቃል፣ ኑዛዜ ይቀበላል። ማታ ታሞ ሐኪም ቤት የሄደ ሰው ምኑን እንዳመመው ከመጠየቁ በፊት ዘበኛው ማን እንደሆነ ይጠየቃል። ትምህርት ቤቶች ሰላምታን እንደ ሂሳብ ያስተምራሉ፤ ፈተናውም ከሂሳቡ ይከብዳል። የዘበኛው ቤት የሥልጣን ምልክት ስለሆነች በግንብ መሥራት ክልክል ነው። ትልልቆቹ ድርጅቶች ቆርቆሯቸው አዲስ ሲሆንባቸው ዝገት የሚቀባ ባለሙያ ያስመጣሉ።

ወይዘሮ ፀዳለ በግቢ ዘጠኝ ቤት ቁጥር አሥራ አራት የምትኖር ሰው ሠራሽ ጥርስ ሠሪ ናት። ሥራዋ ዝምታ ይፈልጋል፤ እሷም ዝምታ ትወዳለች። ሰላምታዋ "እንደምን አመሹ" ብቻ ነው፣ እሱንም እየሄደች ነው የምትለው። ይህ ለዓመታት ችግር አልፈጠረባትም፤ የቀድሞው ዘበኛ አባባ ወርዶፋ ሰውን ከሩቁ በኮቴው የሚለዩ ሽማግሌ ነበሩ። ባሏ ታምሩ ደግሞ በዩኒቨርሲቲ የሌሊት ሕግ ያስተምራል። አዋጁን ከነማብራሪያው በቃሉ ያውቀዋል። ፀዳለ "ይህን ሰው ያገባሁት ቢያንስ ከዘበኛ ጋር ጣጣ አይገጥመኝም ብዬ ነው" እያለች ትቀልድ ነበር።

ፀዳለ ለእህቷ ልጅ ሠርግ ጅማ በሄደችበት ሰሞን አባባ ወርዶፋ የክፍለ ከተማው የበላይ ጥበቃ ሆነው ተሾሙ። በቦታቸው ክቡር ጥበቃ ዳምጠው መጡ። የግቢው ሰው ሁሉ ተሯሯጠ። አንዱ ብርድ ልብስ፣ አንዱ ትርፍ ጫማ፣ አንዱ የዶሮ ወጥ ይዞ እየመጣ ራሱን አስተዋወቀ። ታምሩ በአዋጁ ላይ ጽሑፍ እየጻፈ ስለነበር በጥድፊያ ገብቶ በጥድፊያ ታወቀና "ባለቤቴ ጅማ ናት" ማለቱን ረሳው።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አረንጓዴ ሻሽ ያሰረች ሴት ወደ ቆርቆሮዋ ቤት መጣች። የዳምጠውን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

"ውይ ጋሼ ዳምጠው! ኧረ ጠፉ! እንዲህ ይጠፋል?"

ዳምጠው ሴትዮዋን በሕይወታቸው አይተዋት አያውቁም።

"አለሁ የኔ ልጅ፤ እናንተ ጠፋችሁ እንጂ" አሉ።

"እማማስ? ጉልበታቸውን እንዴት አደረጋቸው?"

የእናታቸው ጉልበት እውነትም ያማቸው ነበር። የማን እናት ጉልበቷን አያማትም?

"ይኸው አለች። ሲሞቅ ደህና ትሆናለች፣ ሲበርድ ይብስባታል።"

ሴትዮዋ እጃቸውን ለቀቅ አድርጋ ቅር እንዳላት ሰው አየቻቸው። "ረሱኝ አይደል?" አለች።

እዚህ ላይ የአዋጁ ደራሲዎች የሠሩት ስህተት ይታያል። እነዚህ ሰዎች ጉቦን፣ ማስፈራሪያን፣ ዝምድናን፣ እንቅልፍን ሳይቀር አስበውበታል፤ ለእያንዳንዱም አንቀጽ አበጅተውለታል። ሕጉን ለየትኛው አገር ሕዝብ እንደሚጽፉ ግን ረስተውታል። በዚህ አገር "ረሱኝ አይደል?" ተብሎ "አዎ" ብሎ የመለሰ ሰው እስካሁን አልተወለደም።

"ኧረ ምን ሆኜ! አንቺን?" አሉ ዳምጠው ላብ ላብ እያላቸው።

"የታምሩን ሚስት! ፀዳለን!"

"ፀዳለ! እንዴታ! አውቃታለሁ!" አሉና በእፎይታ በሩን ከፈቱ። ያን ጊዜ ሕግ ሆነ።

እውነተኛዋ ፀዳለ ሻንጣዋን እየጎተተች የመጣችው በማግስቱ፣ ሰልፉ ሊያልቅ ሲል ነው።

"እንደምን አመሹ" ብላ ልታልፍ ስትል ዱላ ደረቷ ፊት ተጋደመ።

"ማን ልበል?"

"ፀዳለ ነኝ፤ አሥራ አራት ቁጥር።"

"ፀዳለ ገብታለች።"

"የቷ ፀዳለ?"

"የአቶ ታምሩ ባለቤት ናታ! ደህና ልጅ፣ የእናቴን ጉልበት ሳትጠይቅ አታልፍም። እርስዎን ግን አላውቅዎትም።"

 ፀዳለ ወደ ጎረቤቶቿ ዞረች። የአጥንት ሐኪሟ ስልኳን ማየት ጀመረች። የባንክ ሥራ አስኪያጁ የጫማውን ክር አላላና እንደገና አሰረ። አምባሳደሩ እሷ በሠራችላቸው ጥርስ ፈገግ አሉ፤ ቀጥሎም መሬት መሬቱን አዩ። ሁሉም ያውቋታል። ዘበኛው የማያውቀውን ሰው አውቃለሁ ማለት ግን ራስን ማስረሳት ነው።

ታምሩ በነጠላ ጫማ ወርዶ ከበሩ ፍርግርግ ኋላ ቆመ።

"ታምሩ፣ ንገራቸው እንጂ!"

"ፀዳልዬ፣ ቀስ በይ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "የቤተሰብ ምስክርነት ተቀባይነት የለውም። አንቀጹ እኮ ግልጽ ነው። እኔ ራሴ መጽሐፍ ጽፌበታለሁ።"

"ሚስትህ ነኝ!"

"ቀን ቀን አዎ።"

"ቤት ያለችዋን ሴት ምን ልትላት ነው?"

"ምን እላታለሁ? ማታ ስገባ ራት አቅርባ ጠበቀችኝ። እኔ ሶፋ ላይ ነው የተኛሁት፣ እምልልሻለሁ። ብቃወም እኔንም አላውቀውም ቢሉኝስ? ሁለታችንም ውጭ ከቀረን ማን ይከራከርልሻል?"

ከላይ የበረንዳው መስኮት ተከፈተ። ሁለተኛዋ ፀዳለ በፀዳለ ሹራብ ብቅ አለች።

"ማናት? ውይ፣ በዚህ ብርድ! አይዞሽ እናቴ! ነገ ቀን ነይ እሺ? ምሳ አብረን እንበላለን!"

በማግስቱ ሄደች። ምን ታድርግ? ቀን ቀን በሩ ለማንም ክፍት ነው፤ ቀን የገባ ሰው ግን እንግዳ ነው፣ እንግዳም ሲመሽ ይወጣል። ፀዳለ የገዛ ቤቷ ሳሎን ውስጥ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሁለተኛዋ ፀዳለ በፀዳለ ሰሃን ምሳ አቀረበችላት። "ብዪ እንጂ፣ በሞቴ! ይቺን ብቻ! ምነው ትፈሪያለሽ፣ እንደ ቤትሽ ቁጠሪው!" ታምሩም ከጎን ሆኖ "ብዪ እንጂ" አለ። ከምሳ በኋላ ፀዳለ የራሷን አበቦች ውኃ ልታጠጣ ስትነሳ "ኧረ በፍጹም፣ እንግዳ ይሠራል እንዴ!" ተባለች። ሲመሽ ሁለቱ በር ድረስ ሸኟት። ሸኝተውም ትንሽ አብረዋት ቆሙ፣ እንደ ባህሉ።

ይህ ተደጋገመ። ማታ ማታ ፀዳለ በሥራ ቦታዋ፣ የጀሶ መንጋጋ በተደረደረበት መደርደሪያ ሥር ፍራሽ አንጥፋ ትተኛለች። ጥርስ ሊያስሠሩ የሚመጡ ደንበኞቿ መቀነስ ጀመሩ፤ ዘበኛ የማያውቃት ሴት አፋቸው ውስጥ እጇን እንድትከት መፍቀድ አስፈራቸው። ቤቷን ብቻ አይደለም የተነጠቀችው። ሌላ ሴት ፀዳለ እስከሆነች ድረስ እሷ ማንም አልነበረችም፤ ይህም በየቀኑ ትንሽ በትንሽ እየገባት ሄደ።

ወደ የበላይ ጥበቃ ወርዶፋ ቢሮ ሄደች። ሽማግሌው ምንጣፍ የተነጠፈበት ክፍል ውስጥ፣ ከትልቅ ጠረጴዛ ኋላ፣ የድሮ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ተቀምጠዋል። ገና በሩን ሳታንኳኳ "ግቢ ፀዳለ!" አሉ። "ኮቴሽን ሰማሁት።"

ፀዳለ እንባዋ መጣ። "አባባ፣ እርስዎ ያውቁኛል!"

"እንዴት አላውቅሽም? ልጄ ማለት ነሽ።"

"እንግዲያው ይንገሩልኝ!"

"እሱማ አይሆንም" አሉ ወርዶፋ ከልባቸው አዝነው። "የበሩ ሥልጣን የበረኛው ነው። እኔ የበላይ ነኝ፤ የበላይ ሰው ማወቅ አይፈቀድለትም። ከተሾምኩ ወዲህ አንድ ሰው እንኳ አውቄ አላውቅም።" ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ነገሯት። አንድ ስም ሁለት ሰው ከያዘው ሁለቱም ሲመሽ በዘበኛው ፊት መቆም ይችላሉ፤ ያኔ ዘበኛው በሰው ፊት የሚያውቀውን ይናገራል። "ግን አስቢበት። አሥራ አራት ቁጥር የሁለት ሰው ቤት ነው። ሦስተኛ አይይዝም። አንዱ መውጣቱ አይቀርም፣ የወጣም አይመለስም። ያቺ ሴት በእንግድነት ታስገባሻለች፤ ከተሸነፍሽ እንግድነቱም ይቀርብሻል።"

ፀዳለ በማግስቱ ዳምጠውን ፈልጋ ከግቢው ጀርባ አገኘቻቸው። በካናቴራ ሆነው ቧንቧው ሥር ሸሚዛቸውን ያጥባሉ። ቀን ስለሆነ ማንም አልነበሩም፤ አምባሳደሩ አጠገባቸው ሲያልፉ ሰላም እንኳ አላሏቸውም።

"ጋሼ፣ በእውነት ያውቋታል?" አለች።

ዳምጠው ዙሪያቸውን አዩ። "ቀን የማወራው አይያዝብኝም አይደል?"

"አይያዝም።"

"ኧረ እኔ ሴትዮዋን ከየት አውቄያት!"

ፀዳለ ቧንቧውን ይዛ ቆመች። "ታዲያ ለምን ይህንኑ ማታ አይሉም?"

"ምን ብዬ?" ዳምጠው ሸሚዙን ጨመቁት። "እጄን ይዛ ሰላም ያለችኝን ሰው? እናቴን የጠየቀችልኝን? ፊቷ ላይ አላውቅሽም ልበል? ሰው ይዋረዳል እንዴ እንዲህ?"

"እኔንስ አሉኝ አይደል?"

"አንቺንማ አልከበደኝም" አሉ ዳምጠው። ክፋት አልነበረበትም፣ በግልጽ ነው የነገሯት። "አንቺ መች አየሽኝ? እየሄድሽ ነው ሰላም ያልሽኝ። ስንት ዓመት በየሰው በር ላይ ቆሜያለሁ፤ ስሜን የሚጠይቀኝ ሰው ያገኘሁት ይህ ሕግ ከወጣ ወዲህ ነው። ውሸታቸውን እንደሆነ አጥቼው መሰለሽ? ግን ደስ ይላል።"

ፀዳለ ተናደደች። ዘበኛው ላይ፣ አዋጁ ላይ፣ ባሏ ላይ ተናደደች። ከሁሉም ይበልጥ የተናደደችው ግን የሰውዬው ነገር ግማሹ እውነት ስለነበረ ነው። አሁን ቀርባ ስታያቸው ፊታቸውን እንደ አዲስ ነው ያየችው።

በዚያው ሳምንት መለማመድ ጀመረች። ሥራ ቦታዋ ውስጥ በጀሶ መንጋጋዎቹ ፊት ቆማ እጇን እየዘረጋች "ውይ ጋሼ! ኧረ ጠፉ!" ትላለች። መጀመሪያ ላይ ድምፅዋ ከሐዘን ቤት የመጣ ይመስል ነበር። ቆይቶ ግን እየለሰለሰ መጣ። "እማማስ?" ስትል አንገቷን ዘንበል ማድረግ ቻለች። "ረሱኝ አይደል?" ስትል ከንፈሯን ማንቀጥቀጥ ለመደች። በመጨረሻ ራሷ የምትለውን ልታምነው ምንም አልቀራትም። መደርደሪያው ላይ ያለው ጥርስ ሁሉ ይስቅባት ነበር፤ እሷም አብራ ሳቀች።

ሁለቱ ሴቶች በዘበኛው ፊት እንዲቆሙ የተቆረጠው ምሽት ደረሰ። የግቢው ሰው በሙሉ ከሥራ በጊዜ ወጥቶ በሩ ላይ ተሰበሰበ። የባንክ ሥራ አስኪያጁ የግቢው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ስለሆነ ከፊት ቆመ። ታምሩ ደግሞ ስለ ጉዳዩ የሕግ አስተያየት አዘጋጅቶ ነበር። ለማን ወግኖ እንደጻፈው እስካሁን አይታወቅም፤ አጥሩን ተደግፎ የግርጌ ማስታወሻዎቹን ሲያስተካክል ነበር የቆየው።

ፀሐይዋ ጠለቀች። ዳምጠው ካፖርታቸውን ለበሱና ክቡር ሆኑ።

መጀመሪያ ሁለተኛዋ ፀዳለ ቀረበች። እጃቸውን ያዘች፣ ለእናታቸው ጉልበት የሚሆን ቅባት ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻቸው፣ "አይ ጋሼ፣ ደግሞ ዛሬ ከስተዋል" ብላ ኮሌታቸውን አቃናችላቸው።

"አውቃታለሁ" አሉ ዳምጠው።

ከዚያ ፀዳለ መጣች። ከሩቁ እጆቿን ዘርግታ፣ ግቢው ሁሉ እስኪሰማ "ውይ ጋሼ ዳምጠው!" አለች። አቀፈቻቸው። እናታቸውን ጠየቀች፣ ወገባቸውን ጠየቀች፣ ሸሚዙ ደረቀልዎት ወይ አለች፤ ይሄኛው ጥያቄ ዳምጠውን ልባቸው ድረስ ነካቸው። ጎረቤቶቿ አፋቸውን ከፍተው አዩዋት፤ ይህን ያህል ድምፅ እንዳላት አያውቁም ነበር። በመጨረሻም አንገቷን ዘንበል አድርጋ "ረሱኝ አይደል?" አለች።

"ኧረ ምን ሆኜ!" አሉ ዳምጠው ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። "አውቃታለሁ!"

ሰዉ ተንጫጫ። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ጉሮሮውን ጠረገና "ክቡር ጥበቃ" አለ፣ "ሁለቱንም አወቁ። ቤቱ ግን የሁለት ሰው ነው፤ አቶ ታምሩ አሉበት። አንዱ መውጣት አለበት።"

ዳምጠው ተጨነቁ። ወደ አንዷ ያያሉ፣ ፈገግ ትልላቸዋለች። ወደ ሌላዋ ያያሉ፣ እሷም ፈገግ ትልላቸዋለች። እንዲህ ሰላም ያላቸውን ሰው ማስወጣት የማይታሰብ ነው። ዓይናቸው መውጫ ፍለጋ በሕዝቡ ላይ ሲዞር ቆየና አጥሩ ሥር፣ ወረቀቱ ላይ ያቀረቀረ ሰው ላይ አረፈ።

"ይኼስ ማነው?" አሉ።

ታምሩ ቀና አለ። "እኔን ነው? ታምሩ ነኛ!"

"ዛሬ ሰላም ብለውኛል?"

"ይቅርታ፣ አስተያየቴን እያነበብኩ ነበር። በእርግጥ ሰላምታ በሕጉ ላይ እንደ ቅድመ ሁኔታ አልተቀመጠም፣ ሆኖም..."

"አላውቀውም" አሉ ዳምጠው፤ ምንም አልከበዳቸውም።

ታምሩ ወደ ሰዉ ዞረ። የአጥንት ሐኪሟ ስልኳን አወጣች። አምባሳደሩ መሬት መሬቱን አዩ። ዱላው በቀስታ ደረቱን እየገፋ ከበሩ ውጭ አደረገው፤ ወረቀቶቹ አንድ ሁለት እያሉ ጭቃው ላይ ወደቁ።

"ፀዳልዬ! ኧረ ንገሪያቸው!"

ፀዳለ አፏን ከፈተች። ባሌ ነው ልትል ነበር፤ ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። ሁለተኛዋ ፀዳለ ክንዷን በቀስታ ያዘች። ከኋላቸው የአሥራ አራት ቁጥር መስኮት ይታያል። መብራቱ በርቷል፣ አበቦቹ መጋረጃው ሥር ቆመዋል፣ አልጋዋም እዚያው ነው። ዳምጠው ጎንበስ ብለው በዓይናቸው ዓይኗን ፈለጉ።

"ታውቂዋለሽ እንዴ የኔ ልጅ?" አሉ በደግ ድምፅ።

ፀዳለ በፍርግርጉ ውስጥ ታምሩን ብዙ አየችው።

"አላውቃቸውም ጋሼ" አለች። "ግን ደህና ሰው ይመስላሉ።"